ቤት ስታቆሙ በምን ላይ ትቆማላችሁ? አጠና፣ ካቫሌቶ፣ ብረት ወይስ መሰላል

ደሴ ገራዶ አካባቢ አንድ ቤት ልናቆም ስንዘጋጅ የቤቱ ባለቤት የሆኑት እናት የዕቃውን ዝርዝር አዩና ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ይሄ ሠላሳ አጠና ደግሞ የምንድን ነው? የቋሚና የማገሩን ገዝተን ጨርሰን የለ?» «የመወጣጫ ነው እትዬ» አልኳቸው። «ለመወጣጫማ ከጎረቤት መሰላል እንዋሳለን» አሉኝ።

አልፈርድባቸውም። ቤት የሚሠራ ሰው ለመሠረቱ ያስባል፣ ለእንጨቱ ያስባል፣ ለቆርቆሮው ያስባል። አናጺው ቆሞ ለሚሠራበት ነገር ግን ገንዘብ የሚመድብ ብዙም አላየሁም። ቀኑ ሲደርስ ከግቢው የተገኘው ይለቃቀማል። አንድ በርሜል፣ ሁለት የተሰነጠቀ ጣውላ፣ የተረፈ ብሎኬት። «አብሽር፣ ምንም አይል» ይባላል፣ ሥራው ይጀመራል።

ረዳት ሆኜ በምሠራበት ጊዜ ኮምቦልቻ ላይ ከሁለት ሜትር ወድቄያለሁ። ጣውላው ከመደገፊያው አልፎ ወደ ግማሽ ሜትር ተንጠልጥሎ ነበር። ጫፉን ስረግጠው ሌላኛው ጫፍ ብድግ አለ። የግራ እጄ አንጓ ተሰበረ። ሁለት ወር ሙሉ ቤት ዋልኩ፤ እናቴ ናት የመገበችኝ። ስለዚህ ይህን ጉዳይ የምጽፈው ከልቤ ነው።

ምርጫዬን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ፎቅ ለሌለው ቤት፣ የጭቃም ይሁን የብሎኬት፣ ውስጡን በካቫሌቶ (አራት እግር ባለው መደገፊያ) እና በጣውላ ሥሩ። ውጭውን በሁለት ረድፍ አጠና፣ አንድ ግድግዳ እየጨረሳችሁ ወደ ሌላው እያዞራችሁ። የጣሪያውን አጥንት መሬት ላይ ገጥማችሁ አንሡት። መሰላል መውጫና መውረጃ ብቻ ይሁን። ጂ ፕላስ ዋን (ባለ አንድ ፎቅ) ከሆነ ግን አጠናውን ተዉትና ብረት ተከራዩ። ለምን እንዲህ እንደምል ቀጥሎ አስረዳለሁ። መሬታችሁ፣ ሥራችሁና አቅማችሁ ከዚህ ከተለየ ምርጫውም ይለያል።

መጀመሪያ መሬቱ

ወሎ ውስጥ መሬት አንድ ዓይነት አይደለም። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር የተለጠፈች ከተማ ናት። ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው። ብዙ ሰፈሯ ዳገት ነው። የአንድ ቤት የላይኛው ግድግዳ ከመሬት 2 ሜትር ተኩል ሆኖ የታችኛው 4 ሜትር ሊሆን ይችላል። በሐረጎ ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይወርዳል፣ መሬቱም ይዘረጋል። ሜዳማው አካባቢ ላይ ግን ጥቁር አፈር ያጋጥማችኋል። ደረቁን ስታዩት ድንጋይ ነው። አንድ ቀን ከዘነበበት በኋላ ግን እግር ይውጣል፣ መወጣጫም ይውጣል።

ዝናቡም ሁለት ጊዜ ነው። አንዳንዱ አገር ክረምቱን ብቻ ሲያስብ እኛ በልግም አለን። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ «በጋ ነው» ብሎ ቤት የጀመረ ሰው መሐል ላይ ይዘንብበታል። ጠዋት ጠንካራ አፈር ላይ የተተከለ ቋሚ ከሰዓት በኋላ ጭቃ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከዝናብ በኋላ ማንም ከመውጣቱ በፊት መወጣጫውን ዞራችሁ እዩት። ቋሚውን በእጃችሁ ወዝውዙት። ከሥር ክፍተት ካለ ሥራው ይቆይ።

ዳገት ላይ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። የታችኛውን በኩል በብሎኬት ደርድራችሁ አታስተካክሉ። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። ግድግዳ ውስጥ ሆኖ በሙሉ ፊቱ ሲጫኑት ይችላል። የአንድ ቋሚ ጫፍ በአንድ ነጥብ ላይ ሲያርፍበት ግን ሳያስጠነቅቅ ይሰነጠቃል። ከታች ወፍራም ጣውላ አንጥፉ፣ ወይም መሬቱን በደረጃ ቆርጣችሁ አስተካክሉት። ግማሽ ቀን ይወስዳል። ግማሽ ቀኑ ይውሰድ።

ማገሩን መሰላል ማድረግ

ጭቃ ቤት በሚቆምበት ሁሉ የተለመደው ነገር ምንም መወጣጫ አለመሥራት ነው። ቋሚው ይተከላል፣ ማገሩ ከታች ወደ ላይ ይመታል፣ አናጺው ደግሞ የመታውን ማገር እየረገጠ ይወጣል። ዋጋው ዜሮ ነው። ፈጣንም ነው። አባቶቻችን ቤታቸውን ያቆሙት እንዲህ ነው፣ እኔም ብዙ ጊዜ ሠርቼበታለሁ።

ችግሩ ማገር የተመታው ጭቃ ሊይዝ ነው፣ ሰው ሊሸከም አይደለም። አብዛኛው ማገር በየቋሚው ላይ አንድ ምስማር ነው ያለው። የሰው ክብደት ሲያርፍበት ምስማሩ ወደ ታች ይጎነበሳል፣ እንጨቱም ከጫፉ ይሰነጠቃል። በተለይ አጠናው ተቆርጦ ብዙም ሳይቆይ ከተመታ፣ ሲደርቅ ይኮማተርና ምስማሩ ይላላል። ትናንት የያዘ ማገር ከሁለት ሳምንት በኋላ ላይይዝ ይችላል። ከዚህም ሌላ፣ ማገር ላይ የቆመ ሰው በአንድ እጁ ራሱን ይዞ በአንድ እጁ ይሠራል። መዶሻው አንድ፣ ምስማሩ አንድ፣ መያዣው አንድ። ሦስተኛ እጅ የለም።

የእኔ መስመር ይህ ነው። እግራችሁ ከመሬት ከአንድ ሜትር በላይ እስካልወጣ ድረስ፣ ቋሚው አጠገብ አጠገብ እየረገጣችሁ ሥሩ። ከዚያ በላይ መቆሚያ ይሠራ።

አጠና

ከሁሉም በላይ የማብራራው ይህን ነው። ምክንያቱም ብዙዎቻችን የምንጠቀመው ይህን ነው፣ ብዙዎቻችን የምናበላሸውም ይህን ነው።

የአጠና ትልቁ ጥቅም የትም መገኘቱ ነው። ባሕር ዛፍ ከሌላ አገር መጥቶ በምኒልክ ዘመን መተከል ከጀመረ ወዲህ ደጋው ሁሉ ባሕር ዛፍ ሆኗል። ኩታበር ብትሉ ቦሩ ሜዳ ብትሉ እንጨቱ ሞልቷል። መኪና ካልገባ በሰው ትከሻ ይገባል። የደሴ ጠባብ መንገድ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዳገት ላይም ይስማማል፤ ቋሚውን እንደ መሬቱ አስረዝማችሁ አሳጥራችሁ ትቆርጣላችሁ። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ እንጨቱ የእናንተ ነው።

አሁን ቁጥሩን አብረን እንቁጠር። 8 በ10 ሜትር የሆነ ቤት አለን እንበል። የአንዱ ረጅም ግድግዳ ርዝመት 10 ሜትር ነው። ቋሚ በየ1.7 ሜትር ገደማ ብንተክል 7 ቦታ ይሆናል። በሁለት ረድፍ 14 ቋሚ ማለት ነው። በቁመቱ የሚሄደው አግዳሚ፣ ባለ 4 ሜትር አጠና ግማሽ ሜትር እየተደራረበ፣ ለአንድ ረድፍ 3 ይበቃል። ለሁለቱ 6። ለውጭው የእጅ መከላከያ ሌላ 3። ሁለቱን ረድፎች የሚያገናኘው አጭር ተሻጋሪ 13 ያስፈልጋል፤ አንዱ አጠና ሦስት ስለሚወጣው 5 አጠና ነው። ሰያፍ 4። ጠቅላላው 32 አጠና። ቤቱን በአንድ ጊዜ ዙሪያውን እናጥር ካልን ግን ከ110 ያልፋል። የገራዶዋ እናት ያዩት ሠላሳ ከዚህ የመጣ ነው። አንድ ግድግዳ ሠርቶ ማዞር ማለት ከእንጨቱ ሁለት ሦስተኛ በላይ ማትረፍ ነው። የሚጨምረው ሦስት ጊዜ የመንቀልና የመትከል ድካም ነው።

ለጭቃ ቤት ሁለት ረድፍ የምለው አለምክንያት አይደለም። አንድ ረድፍ ብቻ ተክሎ ተሻጋሪውን ቤቱ ግድግዳ ላይ ማሳረፍ ይቻላል። የድንጋይ ግንብ ከሆነና ግንቡ ከደረቀ ያስኬዳል። ገና ጭቃ ያልተመረገ የእንጨት ግድግዳ ላይ ግን መወጣጫው ቤቱን ይገፋል። ቱንቢ ጥላችሁ ያቆማችሁት ቋሚ ሳታውቁት ይጋደላል። ትናንት የተደረደረ ብሎኬትም እንዲሁ ነው። ቤቱ ራሱን ይቻል፣ መወጣጫውም ራሱን ይቻል።

አሠራሩ ላይ ሦስት ቦታ ይበላሻል።

የመጀመሪያው ሰያፍ ነው። ሰያፍ የሌለው መወጣጫ አራት ማዕዘን ነው፣ አራት ማዕዘን ደግሞ ይጣመማል። ሦስት ማዕዘን አይጣመምም። ከውጭ በኩል ከታች ወደ ላይ የሚያቋርጥ ቢያንስ ሁለት ሰያፍ፣ በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ። ብዙ ሰው እንጨት ሲያንሰው መጀመሪያ የሚተወው ይህን ነው።

ሁለተኛው አግዳሚው ቋሚውን የሚይዝበት ነው። ምስማር ብቻውን አይበቃም። አግዳሚው ሥር ቁራጭ እንጨት ቋሚው ላይ በሁለት ባለ 10 ምስማር ምቱ፣ አግዳሚው እሷ ላይ ይቀመጥ። ከዚያ በማሰሪያ ሽቦ እጥፍ አድርጋችሁ ጠምዝዙት። በቃጫ ገመድ የሚያስሩ አሉ። ቃጫ ሲረጥብ ይጠብቃል፣ ሲደርቅ ይላላል። በደሴ ጉምና በበልግ ዝናብ በየቀኑ ይጠብቃል ይላላል። ሽቦ ይሻላል።

ሦስተኛው የቋሚው እግር ነው። አፈር ላይ ከሆነ ግማሽ ሜትር ያህል ቅበሩትና ዙሪያውን በድንጋይ ደልድሉ። አለት ላይ ከሆነ መቅበር ስለማይቻል ከታች ጣውላ አድርጋችሁ ቋሚዎቹን እግራቸው አጠገብ በአግዳሚ እርስ በርስ እሰሩ።

እንጨቱን ስትመርጡ የተጣመመውን፣ ምስጥ የበላውን፣ በቁመቱ የተሰነጠቀውን ለሰያፍ እንኳን አትጠቀሙ። ካለፈው ሥራ የተረፈ አጠና ከሆነ በየቦታው የምስማር ቀዳዳ አለው። ቀዳዳ የበዛበትን ወደ ማገዶ ላኩት።

ካቫሌቶ

እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው። አራት እግር ያለው መደገፊያ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ታደርጉና ከላይ ጣውላ ታነጥፋላችሁ። ሜዳ ወለል ላይ ከእሱ የሚሻል የለም። ለውስጥ ግድግዳ፣ ለበርና ለመስኮት ጉበን፣ ለኮርኒስ፣ ለምርግ። ሁለት ሰው አንሥቶ ወደሚቀጥለው ክፍል ይወስደዋል። አይቀበርም፣ አይታሰርም፣ አይነቀልም።

የእንጨቱን ራሳችሁ ከሞራሌ (በመጋዝ ከተሰነጠቀ ባለ አራት ጎን እንጨት) ትሠሩታላችሁ። የብረቱን በያጁ ከቱቦላሬ (ከብረት ቱቦ) ይሠራላችኋል። እኔ የብረቱን ነው የምመክረው። መጀመሪያ ላይ ይወደዳል፣ ግን ዓመታት ይቆያል፤ ለአሥር ቤት ይሆናል። የእንጨቱ እግር በአንድ ክረምት ይላላል።

ቁመቱን ስትወስኑ አትስገብገቡ። 3 ሜትር ግድግዳ ላለው ቤት 1.2 ሜትር ቁመት ይበቃል። መካከለኛ ሰው እሱ ላይ ቆሞ የግድግዳው አናት ከራሱ ትንሽ ከፍ ቢልም በእጁ ይደርስበታል። ከ1.2 ሜትር በላይ ካስረዘማችሁት እግሩን ማስፋት አለባችሁ፣ ካሰፋችሁት ደግሞ በበር አይገባም። አንዱን ካቫሌቶ ሌላው ላይ መደረብ ፈጽሞ አይሆንም። አይቼዋለሁ፣ ሲወድቅም አይቻለሁ።

ድክመቱ ግልጽ ነው። ዳገት ላይ ከንቱ ነው። አንዱ እግር በድንጋይ ከተደገፈ ካቫሌቶ መሆኑ ቀረ። ለዚህ ነው ውስጡን በእሱ፣ ውጭውን በአጠና ያልኩት። የቤቱ ወለል ቀድሞ ተደልድሎ ካለቀ ውስጡ ሜዳ ነው።

የበርሜሉን ነገር እዚሁ ልጨርስ። በርሜል ላይ ጣውላ መጣል ካቫሌቶ አይደለም። ባዶ በርሜል ቀላል ነው፣ ይንሸራተታል፣ ጎኑም ይታጠፋል። ሁለት ካቫሌቶ ለመሥራት የሚወጣው ሞራሌ ይህን ያህል አይከብድም።

ብረት

የብረት ስካፎልዲንግ ሲሟላ ከሁሉም የተሻለ ነው። «ሲሟላ» የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። ፍሬሙ፣ ክሮሱ (ፍሬሞቹን የሚያያይዘው ሰያፍ ብረት)፣ መገጣጠሚያ ፒኑ፣ ከሥር የሚገባው ጠፍጣፋ እግር፣ ዳገት ላይ የሚስተካከለው ጥርስ ያለው እግር፣ የእጅ መከላከያው፣ መረማመጃው። ኪራይ ቤት ስትሄዱ ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ ፍሬምና ክሮስ ብቻ ነው። የቀረውን ካልጠየቃችሁ አይመጣም። ጥርስ ያለው እግር ከሌለ ዳገት ላይ ተመልሳችሁ ወደ ድንጋይ መደርደር ነው፤ ያኔ ብረት መከራየታችሁ ጥቅሙ ምን ላይ ነው?

ለጂ ፕላስ ዋን ብረት የምለው ከፍታው ስለሚለያይ ነው። የላይኛው ፎቅ አናት ወደ 6 ሜትር ይጠጋል። በአጠና እዚያ ለመድረስ ቋሚ በቋሚ መቀጠል አለባችሁ፣ ያ መቀጠያ ደግሞ የመወጣጫው ደካማ ቦታ ነው። ብረቱ ለመቀጠል የተሠራ ነው። ቢሆንም ብቻውን አይቆምም። ከታችኛው ስፋቱ አራት እጥፍ በላይ ከፍ ካለ ከሕንፃው ጋር መታሰር አለበት። 1.2 ሜትር ስፋት ያለው ፍሬም ከ4.8 ሜትር በላይ ሳይታሰር አይኬድም ማለት ነው። ዳገትና ነፋስ ባለበት ከዚያም ቀደም ብላችሁ እሰሩ።

የገንዘቡ ጉዳይ ደግሞ እንዲህ ነው። አጠና አንድ ጊዜ ትከፍሉበታላችሁ። ብረት ቀኑ ይቆጥርባችኋል። ሲሚንቶ ጠፋ፣ ቀኑ ይቆጥራል። ዘነበ፣ ቀኑ ይቆጥራል። አናጺው ለቅሶ ሄደ፣ ቀኑ ይቆጥራል። አንድ ደንበኛዬ ለአሥር ቀን ብሎ የተከራየውን ፌሮ ጠፍቶ ሰላሳ ቀን አቆይቶታል። ስለዚህ ብረት የምትከራዩት ለዚያ ሥራ የሚያስፈልገው ዕቃ በሙሉ ግቢ ከገባ በኋላ ነው። ስትረከቡ እያንዳንዱን ፒን ቁጠሩ፣ የተጣመመውን ፎቶ አንሡ። ስትመልሱ የጎደለው ከመያዣችሁ ነው የሚቆረጠው። የመጓጓዣውንም ደምሩ። አይሱዙው ከበራችሁ ላይ ካልደረሰ የተሸካሚ ሒሳብ አለ።

ጎማ ያለው የብረት መወጣጫም አለ። ሊሾ በተደረገ ሰፊ ወለል ላይ ለኮርኒስ ድንቅ ነው። ለመኖሪያ ቤት አጥንት ሥራ ግን መሬቱ አይፈቅድለትም፣ ስለዚህ አልፈዋለሁ።

ብረት ከመረጣችሁ ወደ ላይ ተመልከቱ። የመብራት መስመር ግቢያችሁ ላይ ያልፋል? በአሜሪካ የሥራ ደህንነት ደንብ ከተራቆተ የኤሌክትሪክ ሽቦ ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው። በየሰፈራችን መስመሩ ከጣሪያ ክዳን ብዙም የማይርቅበት ቦታ አለ። ረጅም ብረት ሲያነሡ ነው አደጋው የሚደርሰው። እንጨት ነው ብላችሁም አትዘናጉ፤ እርጥብ አጠና ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። መስመሩ ቅርብ ከሆነ ከመብራት አገልግሎት ጋር ተነጋግራችሁ እንዲቋረጥ አድርጉ።

መሰላል

መሰላል መንገድ ነው፤ መቆሚያ አይደለም። አንድ ምስማር ለመምታት፣ አንድ ነጥብ ለመለካት ይሁን። ግማሽ ቀን እሱ ላይ ቆሞ ወጋግራ መምታት ግን ማገር ላይ ከመቆም አይለይም። ግድግዳውን የሚነካበት ቦታ 4 ሜትር ከሆነ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ። ከምትወጡበት ቦታ 1 ሜትር ያህል አልፎ ይታይ፣ ስትወርዱ የምትይዙት እሱን ነው። ከላይ እሰሩት። ርካቡ ከፊት ብቻ በምስማር የተለጠፈ ከሆነ አትመኑት፤ ቋሚው ተቦርቡሮ ርካቡ የገባበት ይሻላል። መሰላልን ቀለም አትቀቡ። ቀለሙ ስንጥቁን ይሸፍነዋል።

መሬት ላይ ገጥሞ ማንሣት

ከሁሉም አማራጭ የሚበልጠው ከፍታ ላይ የሚሠራውን ሥራ መቀነስ ነው። ሦስት ማዕዘን ሆኖ የሚገጠመውን የጣሪያ አጥንት እላይ ተንጠልጥሎ አንድ በአንድ ከመግጠም፣ መሬት ላይ አንዱን በልኩ ሥሩ። የቀሩትን እሱ ላይ እያጋደማችሁ ገልብጡ። ሁሉም አንድ ልክ ይሆናል፣ ጣሪያው ሲመታ አይጎብጥም። ሥራውም ያምራል፣ ሰውም ይተርፋል።

5 ወይም 6 ሜትር የሚረዝመውን የአጠና አጥንት ከአራት እስከ ስድስት ሰው ያነሣዋል። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፍ ግድግዳው አጠገብ መቆሚያ ላይ ይጠብቃል፣ አንድ ሰው በገመድ ከሥር ይመራል። ወሳኙ የመጀመሪያው ነው። የመጀመሪያውን ስታቆሙ በሁለቱም አቅጣጫ ሰያፍ ድጋፍ መሬት ላይ ከተቸነከረ ችካል ጋር እሰሩለት። ቀጣዮቹን ከሱ ጋር ወዲያው አያይዙ። ይህ ካልተደረገ አንድ ነፋስ አንዱን ሲገፋው ሁሉም ተራ በተራ ይተኛሉ። ነፋስ ባለበት ቀን አታንሡ። ነፋሱ ከሰዓት የሚበረታበት አካባቢ ከሆናችሁ ጠዋት ጨርሱት።

ጣውላው

ምንም ዓይነት መወጣጫ ብትመርጡ እግራችሁ የሚያርፈው ጣውላው ላይ ነው። እኔን የጣለኝም አጠናው ወይም ብረቱ አልነበረም። ጣውላ ነው።

ገበያ ላይ ያለው የፎርም ወርክ ጣውላ ብዙ ጊዜ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ነው። ይህ ብቻውን ለመቆሚያ ቀጭን ነው። ከተጠቀማችሁበት ደርቡትና መደገፊያውን ከ1 ሜትር በታች አቀራርቡ። 4 ሴንቲ ሜትር ከሆነ መደገፊያው በየ1.5 ሜትር ይሁን። 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ እስከ 2 ሜትር ይሄዳል። ስፋቱ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ባለ 20 ሦስት ጣውላ ጎን ለጎን። ጫፉ ከመደገፊያው ከ15 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይለፍ። ከዚያ ካነሰ ይንሸራተታል። ከበለጠ እኔን እንዳደረገኝ ያደርጋችኋል። ጫፉን እሰሩት ወይም ከሥር ቁራጭ ምቱበት።

ውጭው ላይ የእጅ መከላከያ ይኑር፣ ወገብ ላይ የሚደርስ። የአሜሪካው ደንብ በግንባታ ሥራ በአጠቃላይ ከ1.8 ሜትር ጀምሮ፣ መወጣጫ ላይ ደግሞ ከ3 ሜትር በላይ ሲሆን የመውደቅ መከላከያ ይጠይቃል። የኛ ፎቅ የሌለው ቤት ጣሪያ ክዳን እንኳን ከ1.8 ሜትር በላይ ነው። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያሳውቅ ግዴታ ጥሎበታል። ሠራተኛ ቀጥሮ የሚያሠራ ተቋራጭ «የራሱ ጥፋት ነው» ብሎ እንዳያልፍ ይህን ይወቅ።

አሁን ስለ ጅጌ ላንሣ። ቤት ሲቆምና ሲመረግ ጎረቤት ይወጣል፣ ጅጌ ይጠራል፣ ደስ የሚል ቀን ነው። ግን ለሁለት አናጺ የተሠራ መቆሚያ ላይ ስምንት ሰው ጭቃ ይዞ ይወጣል። እንቢ ማለትም ይከብዳል፤ ሊያግዝ የመጣ ሰው ነው። እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። በአንድ ርብራብ ላይ ስንት ሰው እንደሚወጣ ጠዋት፣ ከቡናው በፊት፣ ለሁሉም እነግራለሁ። መሰላሉ ሥር አንድ ሽማግሌ አስቀምጣለሁ። ሽማግሌው «ይበቃል፣ አትውጣ» ሲሉ የሚከራከር የለም። ጭቃውም በትንሽ በትንሹ ይውጣ፣ እላይ አይከመር።

ይህን ሁሉ አንድ ቤት ብቻ ከሚሸከመው አብሮ መግዛትም አለ። ቅሬያችን (የሰፈራችን እድር) ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ብረት ድስት አለው። ስድስት የብረት ካቫሌቶና አሥራ ሁለት ወፍራም ጣውላ ቢጨመርበት በሰፈሩ የሚሠራው ቤት ሁሉ ይጠቀምበታል። በእኛ ሰፈር ሐሳቡን አቅርቤ ተቀብለውኛል፣ ካቫሌቶው ብየዳ ቤት ነው ያለው። ጣውላው ላይ «የቅሬ ንብረት» ብለን በቀለም ጫፉ ላይ ብቻ እንጽፍበታለን።

ማታ ማታ መሰላሉን አውርዳችሁ ቆልፉበት። ልጆች መወጣጫ ሲያዩ አያስችላቸውም።

ስታፈርሱ ከላይ ወደ ታች ነው፣ ሰያፉ መጨረሻ ላይ ይወጣል። ምስማሩን እዚያው ንቀሉት፤ ምስማር ያለበት እንጨት መሬት ላይ ተጥሎ እንዳይረገጥ። የገራዶዋ እናት ከሠላሳው አጠና ስድስቱ ተሰንጥቀውባቸው ለማገዶ ሆኑ። በቀረው ሃያ አራት፣ ጥቂት ማገር ተጨምሮበት፣ ማድ ቤታቸውን አቆምንላቸው።